ጠባቡ በርና ጎረቤቱ፦ በአሜሪካ ኮሌጅ ለሚያመለክቱ ልጆችና ለወላጆቻቸው የንጽጽር መመሪያ

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ አንድ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከገባ የኮሌጁ ነገር በቡናው ላይም፣ ከቅዳሴ በኋላም፣ አንዳንዴ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ይነሣል። ወሬው ግን ከሁለት ዓይነት ስም ብዙም አያልፍም፤ አንዱ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የሃርቫርድ ዓይነት ስም ነው፣ ሌላው ደግሞ ለቤት ቅርብ የሆነው የስቴት ዩኒቨርሲቲ። በሁለቱ መካከል ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮሌጆች ስማቸው በእኛ መንደር ስላልተሰማ ብቻ ሳይመዘኑ ይቀራሉ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ በሲልቨር ስፕሪንግ ማመልከቻ የሚሞሉ ልጆችን ሳግዝ እንዳስተዋልኩት፣ ልጆቹን የሚጎዳቸው ትልቅ ስም መመኘታቸው ሳይሆን ከትልቁ ስም ጎን የሚያስቀምጡትን አማራጭ በጥድፊያና በደፈናው መምረጣቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ሁለተኛውን ምርጫ ነው። ከመቶ አመልካች አሥሩን እንኳ የማይቀበል ኮሌጅ የልጅዎ ቀዳሚ ምኞት ከሆነ፣ ከጎኑ የሚቆመው ኮሌጅ በእርግጥ አቻው መሆኑ በምን ይታወቃል? አንድ ኮሌጅ የሌላው አቻ የሚባለው በትምህርቱ ሲቀርበው፣ በሩ ከእርሱ ሲሰፋ፣ ከድጋፍ በኋላ የሚቀረውም ክፍያ ቤተሰቡ የሚሸከመው ሲሆን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁሉም ሰው ያነሣቸዋል፤ ሦስተኛው ግን እስከ ማርች መጨረሻ ተረስቶ ይቆይና የገንዘቡ ደብዳቤ ሲመጣ እንደ ዱብ ዕዳ ይወርዳል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙን ትተን የፈለግነውን እንያዝ

ልጁን «ለምን እዚያ?» ብለው ሲጠይቁት «ጥሩ ትምህርት ቤት ስለሆነ» ብቻ ካለ ንጽጽሩ ገና አልተጀመረም። የኮሌጁን ስም ሳይጠራ የሚፈልገውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ያድርጉት፤ ያ ዓረፍተ ነገር ከተገኘ አቻውን መፈለግ ከባድ አይሆንም።

በቦስተን የሚገኘውን ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲን እንመልከት። ብዙ ልጆች የሚመኙት «ኮኦፕ» በተባለው ሥርዓቱ ምክንያት ነው፤ ተማሪው ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወር ያህል ከክፍል ወጥቶ በሚማረው ሙያ እየተከፈለው ይሠራል፣ ከዚያም ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ኖርዝኢስተርን ይህን የጀመረው በ1909 ሲሆን፣ ዛሬ የሚቀበለው ከመቶ አመልካች ስድስቱን ያህል ብቻ ነው። ሥርዓቱን በአሜሪካ የፈጠረው ግን እርሱ አይደለም፤ በ1906 በኦሃዮ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ኸርማን ሽናይደር የተባለ የምህንድስና መምህር ጀመረው፣ የፊላደልፊያው ድሬክሰል ደግሞ በ1919 ተከተለ። ድሬክሰል ከአራት አመልካች ሦስቱን ያህል ይቀበላል፤ የሲንሲናቲ በር ከዚያም ይሰፋል። እንግዲህ የልጁ ዓረፍተ ነገር «ስመረቅ የሥራ ልምድ ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ» የሚል ከሆነ ሁለቱ በትምህርቱ በኩል እውነተኛ አቻዎች ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ «ቦስተን መኖር እፈልጋለሁ» ከሆነ ግን ድሬክሰል ምኑም አይደለም፤ ፍለጋው በሌላ መንገድ መጀመር አለበት።

ሜሪላንድ ለምንኖር ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ ከደጃችን አለ። ልጁ ሐኪም እንዲሆን የማይመኝ ወላጅ እስካሁን ብዙ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህም የባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ በየዓመቱ ከዝርዝሩ አይጠፋም። ሆፕኪንስ ከመቶ አመልካች አሥር አይቀበልም። ከእርሱ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ዩኤምቢሲ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ግቢ አለ፤ እርሱ ከሚያመለክቱት አብዛኞቹን ይቀበላል። በዚህ ግቢ ውስጥ በ1988 ፍሪማን ራቦውስኪ ከበጎ አድራጊው ሮበርት ማየርሆፍ ጋር ሆነው የመሠረቱት የማየርሆፍ ስኮላርሺፕ አለ፤ በሳይንስና በምህንድስና እስከ ዶክትሬት መግፋት የሚፈልጉ ተማሪዎችን እየመለመለ ከመጀመሪያው ዓመት በፊት ባለው ክረምት አንድ ላይ ያስገባቸዋል፣ አብረው እንዲያጠኑ ያደርጋል፣ ወደ ምርምር ቤተ ሙከራ ቀድሞ ይልካቸዋል። ለሞደርና የኮቪድ ክትባት መሠረት በሆነው ምርምር ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ የነበረችው ኪዝሜኪያ ኮርቤት በ2008 ከዚህ ፕሮግራም ተመርቃ የወጣች ናት።

ሆኖም ይህን ስሰማ እኔም እንደ ሌላው ሰው ቸኩዬ «እንግዲያው ዩኤምቢሲ የሆፕኪንስ አቻ ነው» ብዬ አውቃለሁ፤ ልክ አልነበርኩም። የዩኒቨርሲቲው በር ሰፊ ነው ማለት የማየርሆፍ በር ሰፊ ነው ማለት አይደለም፤ ለብቻው ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ አለው፣ ውድድሩም ብርቱ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት በሆፕኪንስ ከመቶ 95 ገደማ ሲሆኑ በዩኤምቢሲ 70 ገደማ ናቸው፤ ከቤቱ እየተመላለሰ ማታ እየሠራ የሚማር ተማሪ በበዛበት ግቢ ይህ አያስገርምም፣ ግን ሊታለፍ የሚገባው ልዩነት አይደለም። መመዘን ያለበት ስለዚህ ልጁ በዚያ ግቢ ውስጥ የሚገባበት ክፍልና ፕሮግራም ነው። በዩኤምቢሲ ማየርሆፍ የገባ ልጅ ከሆፕኪንስ ተማሪ ምንም አልጎደለበትም፤ ፕሮግራሙን ያላገኘ ልጅ ግን እነዚያን በሮች አንድ በአንድ ራሱ ማንኳኳት ይኖርበታል። ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚታየው በዋናነት የኮሌጅ ውጤትና ኤምካት የተባለው የመግቢያ ፈተና ስለሆነ፣ የሚያንኳኳ ልጅ ሊያገኘው የሚችል መሆኑን ግን አይቻለሁ።

በኮምፒውተር ሳይንስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። የፒትስበርጉ ካርኔጊ ሜለን ምኞት ሲሆን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ፓርክ ግቢ «መጠባበቂያ» ተብሎ ይጻፋል። ትምህርቱ በእርግጥ ይቀራረባል፤ ከጉግል መሥራቾች አንዱ ሰርጌ ብሪን በ1993 የተመረቀው ከዚሁ ግቢ ነው፣ በ2019 የተከፈተው የአይሪብ ሕንፃም ለዚሁ ክፍል ተብሎ የተሠራ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ከሚያመለክቱት ግማሽ ገደማ ይቀበላል፤ ይህን ቁጥር ያየ ወላጅ ልቡ ያርፋል። ችግሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል የተማሪ ቁጥሩ የተገደበ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የተቀበለው ልጅ ክፍሉ ሳይቀበለው «ሌተርስ ኤንድ ሳይንስስ» በሚባለው የጋራ መግቢያ ሊመደብ ይችላል፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ለመዛወር የሚተወውም ቦታ ውስን ነው። በምህንድስና፣ በነርሲንግና በቢዝነስም በብዙ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ይኸው ነው። ስለዚህ የአማራጩን በር ስፋት ሲለኩ የዩኒቨርሲቲውን ሳይሆን የክፍሉን በር ይለኩ።

በእኛ ዘንድ ፈጽሞ የማይነሡት ደግሞ ትናንሾቹ ኮሌጆች ናቸው። ማሳቹሴትስ ተራሮች መካከል ያለው ዊልያምስ ሁለት ሺህ ያህል ተማሪ ብቻ አለው፤ «ቱቶሪያል» በሚባለው ትምህርቱ ሁለት ተማሪዎች ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ይቀመጣሉ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይተቸዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተራ ይለዋወጣሉ። በክፍል ውስጥ ዝም ብሎ የሚያድግ ጨዋ የሐበሻ ልጅ እንዲህ ባለ ቦታ መደበቂያ የለውም፤ ይህም ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። ዊልያምስ ግን ከመቶ የሚቀበለው ከስምንት እስከ አሥር ነው። በተመሳሳይ መጠንና መንፈስ የሚያስተምሩት የሚኒሶታዎቹ ካርልተንና ማካሌስተር፣ የአይዋው ግሪኔል በራቸው ከዚያ ይሰፋል፤ ካርልተን ከአምስት አመልካች አንዱን፣ ማካሌስተር ከሦስት ወይም ከአራት አንዱን ያህል ይቀበላሉ። ማካሌስተር የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን በ1961 የተመረቁበት ነው፤ የድርጅቱ ባንዲራ ከ1950 ጀምሮ በግቢው ይውለበለባል። ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ስላለም እንጀራውም ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ሩቅ አይደለም፤ ዊልያምስታውን ላይ ይህን መመኘት አይቻልም። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፣ ግን በመጀመሪያው የብርድ ወራት ቤቱ ናፍቆት የደወለ ልጅ ያላት እናት ትንሽ ነው አትልም።

በዓለም አቀፍ ግንኙነት ጆርጅታውን ሲመኙ ጆርጅ ዋሽንግተንና አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ውስጥ አሉ፤ የሚያስተምሩባቸው ሰዎችና የልምምድ ሥራ የሚገኝባቸው መሥሪያ ቤቶች በአብዛኛው የጋራ ናቸው። በዚህኛው ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሚለያቸው ወደሚቀጥለው ጉዳይ የሚወስደን ነገር ነው፣ ማለትም ገንዘቡ።

ደብዳቤው ላይ ያለው ዜሮ

አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ሁለት የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤዎች ይዘው መጡ። ልጁ ፊቱ በርቷል፤ ሁለተኛው ደብዳቤ በወፍራም ወረቀት ላይ ስሙን በወርቃማ ቀለም ጽፎ «የፕሬዚዳንቱ ስኮላርሺፕ 28,000 ዶላር» ይላል። ኮሌጁ ከብዙ አመልካቾች ውስጥ አብዛኛውን የሚቀበል፣ «መጠባበቂያ» ብለን ያስገባነው ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ በጣም መራጭ ከሆነ ኮሌጅ የመጣ ተራ ወረቀት ነው። እናትየዋ ጣታቸውን ከሁለተኛው ደብዳቤ የመጨረሻ መስመር ላይ አድርገው «ወንድሜ፣ ይሄ ታች ያለው ዜሮ ምንም አትከፍሉም ማለት ነው?» አሉኝ።

መስመር በመስመር አብረን አነበብነው። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 74,000 ዶላር። ስኮላርሺፕ 28,000። የተማሪ ብድር 5,500። በግቢ ውስጥ ሠርቶ የሚያገኘው 2,500። የቀረው 38,000 ዶላር «ፓረንት ፕላስ» በሚል ስም ተጽፎ ነበር፤ ይህም በወላጅ ስም የሚወሰድ የፌዴራል ብድር ነው። ዜሮው የመጣው ብድሩ እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ ከወጪው ላይ ስለተቀነሰ ነው። በአራት ዓመት የእናትየዋ ዕዳ 152,000፣ የልጁ 27,000 ዶላር ሊደርስ ነበር፣ ወለዱን ሳይጨምር። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ጠቅላላው ወጪ 92,000 ሆኖ የኮሌጁ ስጦታ ብቻ 78,000፣ በግቢ ሥራ 3,000 ነበር፤ ለቤተሰቡ የቀረው 11,000 ዶላር ነው፣ ብድር የሚባል የለበትም። ልጁ ወረቀቶቹን ለረጅም ጊዜ ሲያያቸው ቆይቶ «እማ፣ ውዱ ነው ርካሹ» አለ።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ዕድል አይደለም፤ አሠራሩ ነው። እጅግ መራጭ የሆኑት ኮሌጆች ትልቅ ሀብት ስላላቸው የቤተሰቡን አቅም አስልተው የጎደለውን ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን ብለው ቃል ይገባሉ። ሃርቫርድ ከ2025 መኸር ጀምሮ ዓመታዊ ገቢው እስከ 100,000 ዶላር ከሆነ ቤተሰብ ምንም አይጠይቅም፣ እስከ 200,000 ለሆነው ደግሞ የትምህርቱን ክፍያ አያስከፍልም፤ ኤምአይቲም ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል። ዊልያምስ በ2022 ብድርን ከድጋፍ ደብዳቤው ላይ ፈጽሞ አወጣ። ሆፕኪንስም በ2018 ከማይክል ብሉምበርግ ባገኘው 1.8 ቢሊዮን ዶላር ስጦታ ብድርን በስጦታ ተካ። ካርልተን፣ ማካሌስተርና ግሪኔልም የተሰላውን ችግር ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ፤ እንግዲህ የዊልያምስ አቻዎች ያልኳቸው በሦስተኛውም መለኪያ ያልወደቁ ናቸው። ኖርዝኢስተርን ለአገር ውስጥ ተማሪ ይህን ቃል ሲሰጥ ድሬክሰል ለሁሉም አይሰጥም፤ ሲንሲናቲም ለእኛ ከስቴት ውጭ ነው። በትምህርቱ የገጠሙት ጥንዶች በገንዘቡ ሊፋቱ የሚችሉት እንዲህ ነው።

በመካከለኛ ገቢ ላይ ያለ፣ የሜሪላንድ ነዋሪ የሆነ ቤተሰብ ግን ሌላ ስሌት አለው። ኮሌጅ ፓርክ ለስቴቱ ነዋሪ የትምህርቱ ክፍያ በዓመት 12,000 ዶላር ገደማ ነው፤ መኖሪያና ምግብ ሲጨመር 30,000 ገደማ ይደርሳል። ፔል ግራንት የተባለውን፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጠውን የፌዴራል ስጦታ ለሚያገኙ የስቴቱ ተማሪዎችም «ቴራፒን ኮሚትመንት» በሚባለው ፕሮግራም የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል። በዲቪ በቅርቡ የመጣ ቤተሰብ ይህን ለማግኘት አሥራ ሁለት ወር የነዋሪነት ጊዜ መሙላት እንዳለበት ልብ ይበል።

የራስዎን ቁጥር ለማወቅ ማርችን መጠበቅ አያስፈልግም። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል እያንዳንዱ ኮሌጅ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» የሚባል ማስያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ በሕግ ይገደዳል፤ በጁላይ አንድ ምሽት የግብር ወረቀቱን ይዞ መቀመጥ ይበቃል። ለኡበርና ለሊሞ ነጂዎች፣ ለትንሽ ሱቅ ባለቤቶችም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ማስያው ደመወዝተኛን እንጂ ለራሱ የሚሠራን ሰው በደንብ አያውቅም። ፋፍሳ በተባለው የመንግሥት የድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ የሚኖሩበት ቤት ዋጋ አይቆጠርም፤ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለውን ተጨማሪ የድጋፍ ቅጽ የሚጠይቁ የግል ኮሌጆች ግን አንዳንዶቹ ይቆጥሩታል፣ ከግብር ላይ የተቀነሰውን የመኪና እርጅናም መልሰው በገቢ ላይ ይጨምራሉ። ከሃያ ዓመት በፊት ቤት የገዛ ታክሲ ነጂ በወረቀት ላይ ሀብታም ሆኖ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ላሉ አያቶች በየወሩ የሚላከውን ገንዘብም ልዩ ሁኔታ በሚለው ክፍል ላይ ከነማስረጃው መጻፍ ይቻላል፤ መቀበሉ የየኮሌጁ ፈንታ ነው።

ከጁላይ 2026 ጀምሮ ፓረንት ፕላስ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ለአንድ ልጅ ከ65,000 ዶላር እንዳይበልጥ በ2025 በወጣው ሕግ ተገድቧል። ያ ወርቃማ ደብዳቤ ዛሬ ቢመጣ የቀረው ክፍተት በባንክ ብድር የሚሞላ ይሆናል፤ እርሱ ደግሞ ከባሰው የባሰ ነው።

ስሙ ራሱ ምን ያህል ያስገኛል?

ለዚህ ጥያቄ ወሬ ብቻ ሳይሆን ጥናትም አለ። ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ሥራ፣ መራጭ ኮሌጅ ተቀብሏቸው ሌላ ቦታ የተማሩትን እዚያው ከገቡት ጋር አነጻጸሩ፤ በኋላ ባገኙት ገቢ በአማካይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ብርቱ ልጅ የትም ቢማር ብርቱ ነው እንደማለት ነው። እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ግን በዚያ ጥናትና በኋላ በቀጠሉት ላይ የታየው የተለየ ሁኔታ ነው፤ ከድሃ ቤተሰብ ለመጡ፣ ለጥቁርና ለላቲኖ ተማሪዎች፣ ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች ኮሌጁ ለውጥ አምጥቷል። በ2023 ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን ደግሞ አሥራ ሁለቱን ዝነኛ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ከስቴት ዋና ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አነጻጽረው፣ አማካይ ገቢ እምብዛም እንደማይለወጥ፣ ከመቶ አንዱ ከፍተኛ ገቢ ውስጥ የመግባት ዕድል ግን በግማሽ ያህል እንደሚጨምር፣ በስመ ጥር ድርጅቶች የመቀጠር ዕድልም ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አሳዩ።

ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ነርስ፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም መምህር መሆን የሚፈልግ ልጅ ስሙን ለማግኘት ተብሎ ዕዳ ውስጥ መግባት የለበትም። በዎል ስትሪት፣ በታላላቅ የሕግ ቢሮዎች ወይም በከፍተኛ የመንግሥት ሥራ ላይ ዓይኑን የጣለ ልጅ ከሆነ ስሙ በር ይከፍታል፤ አባቱ ማንንም የማያውቅ ከሆነ ደግሞ በይበልጥ። የእኛ ልጆች ዘመድ ስለሌላቸው ኮሌጁ ዘመድ ይሆናቸዋል።

ከመቶ ስንት የሚለው ቁጥር ሲያሳስት

የተቀባይነት መጠን የኮሌጁን ጥራት ሳይሆን የአመልካቹን ብዛት የሚናገር ቁጥር ነው። ማመልከቻውን ያቀለለ ኮሌጅ ብዙ አመልካች ያገኛል፣ ብዙ አመልካች ያገኘ ብዙ ይመልሳል፣ ብዙ የመለሰም ይፈለጋል። ከዚህ ይልቅ አብዛኞቹ ኮሌጆች የሚያወጡትን «ኮመን ዳታ ሴት» የተባለ ሰነድ ይክፈቱ፤ ረጅምና ደረቅ ነው፣ ግን ጥቂት መስመሮቹ ከማናቸውም የደረጃ ሰንጠረዥ ይበልጣሉ። ቢ 22 ላይ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ስንቱ ተማሪ እንደተመለሰ ይገኛል። ሲ 7 ላይ ኮሌጁ ምን ምን እንደሚመዝን ተዘርዝሯል፤ «የአመልካቹ ፍላጎት» ከፍተኛ ክብደት ተሰጥቶት ካዩ ጉብኝትና የኢሜይል መልስ ይቆጠራል ማለት ነው፣ መጠባበቂያ ብሎ በግድየለሽነት ያመለከተ ጎበዝ ልጅም ሊመለስ ይችላል። ኤች 2 ላይ ደግሞ ከተማሪዎቹ የተሰላ ችግር በአማካይ ከመቶ ስንቱ እንደተሸፈነ ይነበባል። አቻ ተብሎ የተያዘው ኮሌጅ እዚያ መስመር ላይ 100 ሳይሆን 65 ካለ ደብዳቤው ምን እንደሚመስል ከወዲሁ ታውቋል።

«ኧርሊ ዲሲዥን» የተባለው መንገድ ላይ ሐሳቤን ደበቅ አላደርግም። በኖቬምበር 1 ወይም 15 አመልክቶ ከተቀበሉኝ በእርግጥ እገባለሁ ብሎ መፈረም ነው፤ የመግባት ዕድልን ያሰፋል፣ በዚያው ልክ ሁለት ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየትን ይከለክላል። ማስያው ላይ የወጣው ቁጥር በግልጽ የሚከፈል ከሆነና ኮሌጁ ሙሉ ችግር የሚሸፍን ከሆነ እሺ፤ አለበለዚያ አይፈርሙ። የማያስገድደው «ኧርሊ አክሽን» ግን ጉዳት የለውም፤ ለኮሌጅ ፓርክ ማመልከት የሚገባው በዚሁ በኖቬምበር 1 ነው፣ ዩኒቨርሲቲው አብዛኛውን ቦታ ከዚህ ዙር ይሞላልና።

ወረቀት ላላለቀላቸውና ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ

ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ተማሪ የፌዴራል ድጋፍ ያገኛል፤ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ አያገኝም። የኋለኛው ልጅ ንጽጽሩን ከታች ወደ ላይ ቢጀምር ይሻለዋል፤ በቅድሚያ ኮሌጁ እንደ አገር ውስጥ ወይስ እንደ ውጭ አገር አመልካች እንደሚቆጥረው በጽሑፍ ይጠይቅ፣ መልሱ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያልና።

ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ለሚያመለክት ተማሪ ደግሞ ከላይ የጠቀስኳቸው የተቀባይነት ቁጥሮች አይሠሩም። የውጭ አገር አመልካች ድጋፍ መጠየቁን ሳያዩ የሚወስኑት ኮሌጆች ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውደን ይገኙባቸዋል። ማካሌስተርንና ግሪኔልን የመሳሰሉት ለውጭ ተማሪ ለጋሶች ቢሆኑም ድጋፍ መጠየቁን ያያሉ፤ በራቸው ለዚህ ልጅ ከተጻፈው ይጠብባል። በ1855 የተመሠረተው የኬንታኪው ቤሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል፤ የሚወስደው የውጭ ተማሪ ጥቂት ነው፣ ነገር ግን በዝርዝር ላይ መጥፋት የሌለበት ስም ነው።

ዝርዝሩን ማውጣት

በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የሚመለከትበት ኮመን አፕ እስከ ሃያ ኮሌጅ ይፈቅዳል፤ ሃያ ድርሰት በደንብ የጻፈ ልጅ ግን አላየሁም። ስምንት ወይም ዘጠኝ ይበቃል። ሁለት ወይም ሦስት ጠባብ በሮች፣ ለእያንዳንዳቸው በሦስቱም መለኪያ የተፈተነ አቻ፣ ከዚያም መግባቱም ክፍያውም የተረጋገጠ አንድ ወይም ሁለት። የመጨረሻው ቦታ ላይ የካውንቲውን የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ሞንጎመሪ ኮሌጅን፣ ማስቀመጥ አያሳፍርም፤ ለካውንቲው ነዋሪ የኮሌጅ ፓርክን ክፍያ ግማሽ ገደማ ያስከፍላል፣ ወደ ኮሌጅ ፓርክ የሚያሻግርም የተዘረጋ መንገድ አለው። በቨርጂኒያ በኩል ኖቫ የሚባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2018 የጀመረው «አድቫንስ» ተመሳሳይ ነው። ጉድለቱ ትልልቆቹ ስኮላርሺፖች ለአንደኛ ዓመት ገቢ እንጂ ለተዛዋሪ አለመሆናቸው ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንሱ ገደብም በዚህ መንገድ ለሚመጣው አይነሣለትም።

የማመልከቻ ክፍያ የሚከብደው ቤተሰብ የክፍያ ነፃ ፈቃድ በኮመን አፕ ውስጥ እዚያው ይጠይቅ። ደብዳቤዎቹ በማርች መጨረሻ ይመጣሉ፤ መልስ የሚሰጠው እስከ ሜይ 1 ነው። በመካከል ያሉት አራት ሳምንታት የይግባኝ ጊዜ ናቸው። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ፣ የአባት የሥራ ሰዓት ከተቀነሰ፣ ያልተጠበቀ የሕክምና ወጪ ከመጣ ወይም ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ስጦታ ከሰጠ፣ ያንን ከነወረቀቱ አያይዞ ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮው እንደገና እንዲያይ መጻፍ የተለመደ አሠራር ነው። ደብዳቤውን ልጁ ይጻፈው፣ ቁጥሮቹን ወላጅ ይፈትሽ፤ መልሱ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ኤፕሪል 10 ሳያልፍ ይላክ።